ውስጡ ቀለም የተደበቀበት ኬክ፦ ጅማ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ተራ ቶርታ ቢበላሽ መላ አለው። ጠርዙ ቢሰነጠቅ ክሬም ይሸፍነዋል፤ አንድ ጎኑ ቢያጥር ከላይ ተከርክሞ ይስተካከላል፤ ጽሑፉ ቢጣመም ተጠርጎ እንደገና ይጻፋል። ውስጡ ቀለም ወይም ከረሜላ የተደበቀበት ኬክ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አይሰጥም። ክሬሙ ከተቀባ በኋላ የጋገረችውም ሆነች የጋገረው ሰው ውስጡን ማየት አይችሉም። ስህተቱ የሚታወቀው ቢላዋው ሲገባ ነው፤ ያውም ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ ስልኩ ሁሉ ተደቅኖ። ስለዚህ ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች ከሁለቱ በስተቀር ኬኩ ሳይዘጋ የሚታረሙ ናቸው።

ጅማ ላይ ይህን ኬክ የሚያዝ ሰው በርክቷል። ለምርቃት፣ ለልደት፣ ለኒካህ፣ የካቲት 23 ለዓድዋ በዓል አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ይታዘዛል። የሚጋግሩትም አብዛኞቹ ቤታቸው ውስጥ በአንድ ትንሽ ኦቭን ሥራ የጀመሩ ወጣቶች ናቸው። እጃቸው ጥሩ ነው፤ ክሬም ሲቀቡ ቆሜ እስካይ ድረስ ያምራል። ጭንቄ ያለው ከክሬሙ ሥር ነው።

ለባሕር ጠረፍ የተጻፈ አሠራር እንዳለ መቅዳት

ይህን የማስቀድመው ሌላው ሁሉ የሚቆመው ቀጥ ባለ ንጣፍ ላይ ስለሆነ ነው። በኢንተርኔት ከምታገኟቸው አሠራሮች ብዙዎቹ የተሞከሩት ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይል ከተማ ነው። ጅማ ግን ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ ሊጡን ከሚገባው በላይ ፈጥኖ ይነፋዋል። እንቁላሉና ዱቄቱ ጠንክረው ሳይዙት ከፍ ይላል፤ ከዚያ መካከሉ ይሰምጣል። እርጥበቱም ቶሎ ስለሚተን በቀረው ሊጥ ውስጥ የስኳሩ ድርሻ ይበዛል፤ ስኳር የበዛበት ሊጥ ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚጠነክረው።

ተራ ኬክ ቢሰምጥ ጉድጓዱን ክሬም ሞልቶ ማለፍ ይቻላል። ባለቀለም ኬክ ሲሰምጥ ግን ቢላዋው የሚያሳየው መካከሉ ላይ ቀጥኖ ጠርዙ ላይ የወፈረ፣ የተጣመመ መስመር ነው። ይህን ከላይ በመከርከም ለማዳን ብትሞክሩ አንዱ ቀለም ከሌላው አጥሮ ይቀራል።

ማስተካከያው ከባድ አይደለም። ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ያህል ቀንሱ፤ አሠራሩ አንድ የሻይ ማንኪያ ካለ ሦስት ሩብ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ኩባያ ስኳር አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ አጉድሉ። ለእያንዳንዱ ኩባያ ወተት ወይም ውሃ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ። የኦቭኑን ሙቀት በ10 ዲግሪ ገደማ ከፍ አድርጉና ቀደም ብላችሁ መመልከት ጀምሩ። ስፖንጅ ከሆነ እንቁላሉን ደርቆ እስኪቆም አትምቱት፤ መምቻው ሲነሣ ጫፉ ጎንበስ የሚል አረፋ በቂ ነው።

አዲስ አበባ ያለች ጓደኛ የላከችው አሠራርም እንዳለ አይሠራም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚያ የተስተካከለ አሠራር እኛ ጋ ቤኪንግ ፓውደሩ ያንሰውና ኬኩ ድፍን ይሆናል። ከአዲስ አበባ መጥተው ጅማ ሥራ የጀመሩ ጋጋሪዎች «ዱቄቱ ነው፣ ዱቄቱ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ዱቄቱ አይደለም።

እንቁላልን በቁጥር መለካት

የውጭ አሠራር «አራት እንቁላል» ሲል እያንዳንዱ ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም ያህል የሚመዝነውን ትልቁን እንቁላል ማለቱ ነው። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከዚያ በጣም ያንሳል። ሰብራችሁ መዝኑ፤ 200 ግራም እስኪሞላ አምስትም ስድስትም ቢፈጅ ጨምሩ። አስኳሉም ደማቅ ቢጫ መሆኑን አትርሱ፤ ሰማያዊ ንጣፍ ለምትፈልጉበት ሊጥ ነጩን ብቻ ተጠቀሙ፤ አለበለዚያ ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ለክሬሙም ቢጫ የሐበሻ ቅቤ አትግዙ። ሽታውም ቀለሙም ሰማያዊን ያጠፋል። የገበታ ቅቤ ውሰዱና ነጣ እስኪል ደህና አድርጋችሁ ምቱት።

ቀለምን በእምነት መጨመር

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ኬኩ የሚጠራው በቀለሙ ነውና።

የምግብ ቀለም በሦስት መልክ ይሸጣል፤ ፈሳሽ፣ ዱቄትና ወፈር ያለ ጄል። ፈሳሹ ርካሽና በየሱቁ የሚገኝ ነው፤ ለክሬም ጽጌረዳ ይበቃል። ደማቅ ቀይ ንጣፍ ለማውጣት ግን ጠርሙሱን ብትገለብጡትም ከሮዝ ብዙም አያልፍም፤ ሊጡ ግን ቀጥኖ ያርፈዋል። ዱቄቱ ጠንካራ ነው፤ ስህተቱ ደረቁን ሊጥ ላይ መነስነስ ነው። ሲነሰነስ ያልሟሟ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀርና ኬኩ ሲቆረጥ ሽፍታ የወጣበት ያስመስለዋል። አስቀድማችሁ በሻይ ማንኪያ ለብ ያለ ወተት ወይም ውሃ አሟሙትና ጨምሩት። ጄል ካገኛችሁ ከሁሉም እርሱ ይሻላል፤ ትንሹ ብዙ ይሠራል፤ እርጥበትም አይጨምርም።

ቀይን ለማድመቅ ብሎ መጨመር፣ አሁንም መጨመር ሌላው ችግር ነው። ቀይ ሲበዛ ይመርራል። እንግዳው ምን እንደሆነ ባያውቅም ሁለተኛ ቁራጭ አይጠይቅም። የክሬም ቀለም ደግሞ ካደረ ይደምቃል፤ ስለዚህ ከምትፈልጉት አንድ ደረጃ ፈዘዝ ሲል አቁሙና አሳድሩት።

አሁን ስለ ተፈጥሮ ቀለም። ብዙ ሰው «ኬሚካል አልፈልግም» ይላል፤ ሐሳቡን አከብራለሁ። አንዲት ሠልጣኝ ከገበያ ቀይ ሥር ገዝታ፣ ቀቅላ፣ ፈጭታ፣ በወንፊት አጥልላ ያመጣችው ሊጥ እንደዚያ ያለ ውብ ሮዝ ነበር። ሁላችንም አደነቅን። ከኦቭን የወጣው ኬክ ግን ላዩም ውስጡም ፈዛዛ ቡናማ ነበር፤ ልጅቷ መጋገሪያውን በሁለት እጇ ይዛ አንዴ ኬኩን አንዴ ጭማቂው የነበረበትን ብርጭቆ ትመለከት ነበር። ጥፋት የለባትም፤ የነገራት ሰው የለም። የቀይ ሥር ቀለም ሙቀት አይችልም። ሊጡ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ ሲኖር ደግሞ ጭራሽ ይብሳል። እርድ ሙቀቱን ይችላል፤ ነገር ግን ሶዳ ከበዛበት ቢጫነቱ ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። ካርካዴም ሶዳ ሲነካው ቀይነቱን ጥሎ ወደ ግራጫ ሰማያዊ ያደላል። የቆስጣ አረንጓዴ በሙቀት ይደበዝዛል። ከቆስጣ በቀር ሌሎቹን የሚጠብቃቸው ትንሽ የሎሚ ጭማቂ ነው፤ እርሱም ቢሆን ቀይ ሥርን ከኦቭን ሙሉ በሙሉ አያድንም። የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ የተፈጥሮ ቀለም የምትወዱ ከሆነ ኬኩን ነጭ አድርጋችሁ ጋግሩና ቀለሙን በመካከል በሚገባው ክሬም ውስጥ አድርጉት። ሙቀት ስለማይነካው የቀይ ሥር ሮዝ እንደ አማረበት ይቆያል።

የትኛውንም ቀለም ብትይዙ ሙሉውን ሊጥ ከማቅለማችሁ በፊት አንድ ማንኪያ ሊጥ በትንሽ ሲኒ ጋግራችሁ ቆርጣችሁ ተመልከቱ። አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ሊጥ አስቀምጦ ኦቭን መጠበቅ

ሦስት ቀለም ሦስት መጋገሪያ ማለት ነው፤ የቤት ኦቭን ግን አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ይችላል። ሊጡን ባንድ ጊዜ አቡክታችሁ ሦስት ቦታ ከፍላችሁ አንዱን ስትጋግሩ ሌሎቹ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ፣ ቤኪንግ ፓውደሩ እርጥበት ካገኘበት ደቂቃ ጀምሮ ጋዙን እያወጣ ነው። ሦስተኛው ንጣፍ ከመጀመሪያው አጥሮና ደርቆ ይወጣል። ደረቁን ለየብቻ መዝናችሁ አዘጋጁ፤ እርጥቡን የምትቀላቅሉት ኦቭኑ ባዶ ሊሆን ሲል ይሁን።

ቀለሙ እኩል እንዲሆን ብላችሁ ዱቄት የገባበትን ሊጥ ብዙ አታማስሉ። ኬኩ እንደ ዳቦ ይጠነክራል፤ ውስጡም ረጃጅም ቀዳዳ ያወጣል። ቀለሙን በወተቱ ወይም በዘይቱ ውስጥ ቀድማችሁ ካሟሟችሁት ጥቂት ማገላበጥ ይበቃል።

ሊጡንም በዓይን አትክፈሉ። ሚዛን ይኑራችሁ። በቃ።

መብራት መሄዱ የማይቀር ነው። ሊጡ ኦቭን ከገባ በኋላ ከጠፋ በሩን አትክፈቱ። የጋለ ኦቭን ሙቀቱን ለተወሰነ ጊዜ ይይዛል፤ ከፍታችሁ ስታዩት ግን ሙቀቱንም ኬኩንም ታጣላችሁ። ትልቅ ትዕዛዝ ሲኖር የጋዝ ምድጃ ያላትን ጎረቤት አስቀድሞ ማነጋገር ያዋጣል።

ትኩስ ኬክ መገጣጠም

ስለዚህ ስንት ጊዜ እንደ ተናገርኩ አላውቅም፤ አሁንም እናገራለሁ።

ኬክ ከኦቭን እንደ ወጣ አይቆረጥም። ቀዳዳ አይወጣለትም። ክሬም አይቀባም። «ነክቼው ቀዝቅዟል» አትበሉኝ። የነካችሁት ቆዳውን ነው፤ ሆዱ ገና እንፋሎት አለበት። ያ እንፋሎት ክሬሙ ሲከድነው መውጫ ስለሚያጣ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ቅቤውን ያቀልጣል፣ ቀዩን ቀለም ይዞ ወደ ቢጫው ይገባል፣ ከረሜላ ካለ ያረጥበዋል፣ ቸኮሌት ካለ ያፈሰዋል። ከላይ ምንም አይታይም! ኬኩ ነጭ ሆኖ፣ ጽሑፉ አምሮ፣ ሪባን ታስሮ ይሄዳል። ሲቆረጥ ግን አረንጓዴው ከቢጫው ድንበር የለውም፤ መካከሉ ረግረግ ሆኗል፤ ከረሜላው መፍሰስ ሲገባው በአንድ ላይ ተጣብቆ ቀለሙን ለቋል። ሕፃኑ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል፣ ምንም አይወርድም።

ለምን እንደሚደረግ አውቃለሁ። ደንበኛዋ ደውላለች፣ መብራት ሁለት ሰዓት አጥፍቷል፣ ባጃጁ በር ላይ ቆሟል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ኬኩ ምክንያታችሁን አይሰማም። መፍትሔው ሩጫ ሳይሆን ቀን ነው፤ ይህን ኬክ ለዛሬ ያዘዘ ሰው «ለዛሬ አይሆንም» ይባላል። ዛሬ ይጋገራል፣ ያድራል፣ ነገ ይገጣጠማል። በቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው እምቢ ማለት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ የቤት ኪራይ የሚጠብቃት ልጅ ትዕዛዝ መመለስ ያማታል። ቢሆንም የተበላሸ ኬክ ፎቶ በከተማው ሲዞር ከአንድ ትዕዛዝ በላይ ያስቀራል።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። መጋገሪያው ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል ይረፍ። ከዚያ በሽቦ መደርደሪያ ላይ ይገልበጥ፤ ከሥሩም አየር ያግኝ። መካከሉ ሲነካ ምንም ሙቀት እስካይኖር ድረስ ይቆይ፤ ይህ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ እያንዳንዱ ንጣፍ ለየብቻው በስስ ላስቲክ ተጠቅልሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደር። ጅማ በክረምት አየሩ እርጥብ ስለሆነ «ይቅዝቅዝ» ብሎ ገልጦ ማሳደር ላዩን የሚያጣብቅ ያደርገዋል፤ ሳይቀዘቅዝ መጠቅለል ደግሞ ላስቲኩ ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል። ቀዝቅዞ፣ ከዚያ ተጠቅልሎ። ያደረ ኬክ ሲቆረጥ አይፈረፈርም፤ ቀዳዳው ጠርዙ ንጹሕ ይሆናል፤ የቀለሙ ድንበር ቀጥ ብሎ ይታያል።

ቡናማውን ቆዳ መተው

እያንዳንዱ ንጣፍ ከላይ፣ ከታችና ከጎን ቡናማ ቆዳ አለው። ካልተላጠ በየቀለሙ መካከል ቡናማ መስመር ይገባል። ጥርስ ባለው ረጅም ቢላዋ፣ ኬኩን ቀስ እያዞራችሁ፣ በስሱ አንሡት። ቆዳው እንዳይወፍር ከፈለጋችሁ አሮጌ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ቀዳችሁ፣ ውሃ ነክራችሁና ጨምቃችሁ የመጋገሪያውን ዙሪያ ጠቅልሉት። ጠርዙ ቀስ ብሎ ስለሚበስል ላዩም እኩል ይነሣል፤ የምትከረክሙትም ይቀንሳል።

ፍርፋሪውንም እወቁበት። ቀይ ፍርፋሪ ነጭ ክሬም ላይ ከታየ ምስጢሩ ከበሩ ላይ ወጥቷል። መጀመሪያ ስስ ክሬም ቀብታችሁ ግማሽ ሰዓት አቀዝቅዙ፤ ፍርፋሪው እዚያ ተይዞ ይቀራል። ዋናው ክሬም ከዚያ ይከተላል።

ሰንደቅ ዓላማን መገልበጥ

አረንጓዴ ከላይ፣ ቢጫ መካከል፣ ቀይ ከታች። ስትደርድሩ የምትጀምሩት ከታች ስለሆነ መጀመሪያ ትሪው ላይ የሚቀመጠው ቀዩ ነው። ሰው «አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ» እያለ በቃሉ በሚቆጥረው ቅደም ተከተል ይደረድርና ባንዲራው ተዘቅዝቆ ይቆረጣል። በዓድዋ በዓል፣ አርበኞች አያቶቻቸውን በሚያስታውሱ ሰዎች ፊት ይህ ቀላል ስህተት አይደለም። የንጣፎቹን ስም በወረቀት ጽፋችሁ በየላስቲካቸው ላይ ለጥፉ።

በንጣፎቹ መካከል ወፍራም ነጭ ክሬም ማስገባትም ያው ነው፤ የሚታየው አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ ቀይ ይሆናል። ክሬሙን ስስ አድርጉት፤ ወይም ከሥሩ ባለው ንጣፍ ቀለም አቅልሙት። ቁራጩም ሳህን ላይ በጎኑ ከተኛ መስመሩ ቁመቱን ይዞ ይቆማል፤ ሰፋ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ ቆሞ እንዲቀርብ አድርጉ።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ዳማ ኬክ አንድ ነገር ልበል። ቢላዋው ሲገባ እንደ ዳማ ገበታ ካሬ ካሬ ሆኖ የሚታየው ማለቴ ነው። ከሁሉም የምወደው እርሱን ነው፤ ሲያዩት አስማት ይመስላል፤ ሥራው ግን ስሌት ብቻ ነው። ስህተቱ ክቦቹን በግምት መቁረጥ ነው። ካሬ የሚወጣው የቀለበቱ ስፋትና የንጣፉ ቁመት እኩል ሲሆን ነው። ስፋቱ 18 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኬክ ውሰዱ፤ በ12 እና በ6 ሴንቲ ሜትር ክብ ስትቆርጡት የውጩም፣ የመካከሉም፣ የውስጡም ስፋት ከመሃል ወደ ዳር ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ንጣፉም ሦስት ሴንቲ ሜትር ቁመት ይኑረው። ከዚያ ቀለበቶቹን እያለዋወጣችሁ ታስገባላችሁ፤ የታችኛው ንጣፍ ውጩ ቀይ፣ መካከሉ ቢጫ፣ ውስጡ ቀይ፤ የሚቀጥለው ተቃራኒው፤ ሦስተኛው እንደ መጀመሪያው። ክቦቹን ለመቁረጥ የተለየ ዕቃ አያስፈልግም፤ በወፍራም ወረቀት ላይ በኮምፓስ ሥላችሁ ቆርጣችሁ፣ ኬኩ ላይ አስቀምጣችሁ በትንሽ ስል ቢላዋ ዙሩት። በቀለበቶቹ መካከል ስስ ማርማላታ ካልተቀባ ሲቆረጥ ይለያያሉ።

ሆዱን ከመጠን በላይ መቦርቦር

ከረሜላ የሚፈስበት ኬክ ላይ ሰው ሁሉ ብዙ ከረሜላ እንዲወርድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቀዳዳውን ያሰፋል። ከዚያ ግድግዳው ክሬሙንና ክዳኑን መሸከም ያቅተዋል። ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ኬክ ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል ቀዳዳ ይበቃዋል፤ ዙሪያው ስድስት ስድስት ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ይቀራል። የታችኛው ንጣፍ አይነካም። የላይኛውም ሙሉ ሆኖ ይከድናል። የምትቦረቡሩት መካከለኞቹን ብቻ ነው።

የቀዳዳውን ግድግዳ በስስ የቅቤ ክሬም ለቅልቁት፤ የኬኩ እርጥበት ከረሜላው ላይ በቀጥታ እንዳይደርስ ያደርጋል። ሆኖም ባለቀለም ሽፋን ያለው ከረሜላ እርጥብ ቦታ ካደረ መልቀቁ አይቀርም። የምትሞሉትና የምትዘጉት በሚቆረጥበት ቀን ይሁን። የጅማ ማር የሚያኮራ ነው፤ ቀዳዳ ውስጥ ግን አታፍስሱት። እርጥበት ይስባል፣ ኬኩንም ዘልቆ ይወጣል።

ለሕፃናት ልደት ደግሞ ክብ ጠንካራ ከረሜላ አታስገቡ። ከ4 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጉሮሮው ላይ ሊቀርበት ይችላል፤ እዚያ ቤት ማን ትንሽ ልጅ ይዞ እንደሚመጣ እናንተ አታውቁም። ለስላሳ የሆነና በጣም ትንንሽ ነገር ምረጡ፤ ባለቀለም የስኳር ፍንጣሪ ለዓይን ይበቃል።

ማን እንደሚበላው አለመጠየቅ

ጅማ ላይ አንድ ኬክ ዙሪያ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይቀመጣል። ጄሊ ከረሜላና ማርሽማሎው ውስጥ ጄላቲን አለ፤ ጄላቲን የሚሠራው ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ነው፤ ብዙውንም ጊዜ ከአሳማ። ማሸጊያው ላይ ሐላል መሆኑ ካልተጻፈ ለሙስሊም ቤት አታስገቡ። ከየትኛውም እንስሳ ቢሆን ደግሞ ለጾም ኬክ አይሆንም። ኢ120 የሚል ቁጥር ያለበት ቀይ ቀለም ከነፍሳት የሚወጣ ስለሆነ እርሱም ለጾም አይገባም። የቫኒላ ጠርሙስ አልኮል ሊኖርበት ይችላልና ጽሑፉን አንብቡ። ያልተጻፈበትን ሻጩን ጠይቁ፤ ሻጩ ካላወቀ ተዉት። እንግዳው አምኗችሁ ነው የሚቆርሰው፤ ውስጡ የተደበቀ ነገር ደግሞ ከሌላው ኬክ የበለጠ አደራ አለበት።

የጾም ኬክ እንቁላል ስለሌለው ልል ነው፤ መቦርቦር አይወድም። ለጾም የታዘዘ ምስጢራዊ ኬክ በቀለም ንጣፍ ይሠራ እንጂ ከረሜላ አይሞላበት። ከሶዳና ከኮምጣጤ የሚሠራ ስለሆነ እርድና ካርካዴ ስትጨምሩ ከላይ ስለ ሶዳ ያልኩትን አስታውሱ።

ጉልበት ላይ ይዞ መሄድ

ኬክ በባጃጅ ጉልበት ላይ አይሄድም። የመኪና ወንበርም ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ ከረሜላው ወደ አንድ ጎን ተንከባሎ ግድግዳውን ይገፋል። መኪና ወለል ላይ፣ እንዳይንሸራተት እርጥብ ጨርቅ ከሥሩ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ከሦስት ንጣፍ በላይ ከሆነ ከላይ እስከ ታች ሁለት ሦስት ንጹሕ የእንጨት ዘንግ ይግባበት፤ ዘንጉ የሚገባው በግድግዳው በኩል እንጂ በቀዳዳው አይደለም። ወደ አጋሮ ወይም ወደ ሊሙ የሚሄድ ኬክ ከሆነ እኔ ክፍት ሆዱን ይዤ ሄጄ እዚያው ብሞላውና ብዘጋው እመርጣለሁ።

ለቆራጩ ሳይነግሩ መመለስ

አንድ የምርቃት ድግስ ላይ የተመራቂዋ አያት ኬኩን መረቁና፣ ድፎ ዳቦ እንደሚቆርሱት፣ ከላይ በመስቀልኛ ሁለት ጊዜ ቆረጡት። ምርቃታቸው ያማረ ነበር፤ ሁሉም አሜን አለ። አራቱ ቁራጮች ግን ተጠጋግተው እንደ ቆሙ ቀሩ፤ የውስጡን ቀለም ያየ የለም። ከዚያ ኬኩ ወደ ጓዳ ሄዶ ተከፋፍሎ በሳህን መጣ። ልጅቷ ሁለት ቀን የደከመችበት ሥራ ጓዳ ውስጥ ታየ። አያቲቱ ምን ያድርጉ? ውስጡ ልዩ መሆኑን የነገራቸው የለም።

ኬኩን ስታስረክቡ አንድ የቤቱን ሰው ለብቻ ጠርታችሁ ንገሩ። መቆረጥ ያለበትን ቦታ በሁለት የክሬም ነጠብጣብ ምልክት አድርጉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ጠርዙ ላይ ቢያንስ አንድ እጅ መዳፍ ይሁን። ጠባብ ቁራጭ ሲወጣ ከረሜላው አይወርድም፤ ቀለሙም አይነበብም። ቢላዋው ረጅም ይሁን፤ በሙቅ ውሃ ተነክሮ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ። ቁርጡ ሁለቱም ጊዜ ትሪው እስኪነካ ድረስ ይውረድ። ካልወረደ ቁራጩ ሲሳብ ይሰበራል። አዛውንት ከሆኑ የሚቆርሱት አንድ ሰው ከጎናቸው ቆሞ እጃቸውን ይደግፍ፤ ምርቃቱም ቢላዋው ከመግባቱ በፊት ይጠናቀቅ።

ቁራጩ ወደ ላይ አይነሣም፤ ሰፊ ማንሻ ከሥሩ ገብቶ ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ ይሳባል። ፎቶ የሚያነሣው ሰው ቁራጩ በሚወጣበት ፊት ይቁም እንጂ ከቆራጩ ጀርባ አይሁን። ከእያንዳንዱ ቁራጭ በኋላ ቢላዋው ይጠረግ፤ የቀዩ ፍርፋሪ ቢጫው ላይ እንዳይጎተት። የተረፈው ኬክ የተቆረጠው ፊቱ በስስ ላስቲክ ተሸፍኖ ማቀዝቀዣ ይግባ፤ ከረሜላ ካለበት ከረሜላው መጀመሪያ ተለቅሞ ይውጣ።